ከአነጋገር ይፈረዳል፦ ስለ ጤና ምርጫ የመጠየቅ ሙያ ታሪክ

አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር በተሰየመ ችሎት ፊት ሸማቸውን አጣፍተው ቆመው በበላ ልበልሃ ሥርዓት ሲሟገቱ፣ ዳኛው የሚመዝነው ነገሩን ብቻ ሳይሆን የነገሩን አቀራረብ ጭምር እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ምሳሌ ትተውልን አለፉ። ምሳሌው ለሙግት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ እኔም ለብዙ ዘመን ከዚያ አሻግሬ አልተመለከትሁትም ነበር። ይሁን እንጂ ከሕይወትና ከሞት የሚከብድ ሙግት የለምና፣ ሐኪሙ ሕሙሙን፣ መጠይቅ ይዞ በየደጃፉ የሚዞረውም ባለ ቤቱን፣ «ከዚህና ከዚያ የቱን ትመርጣለህ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ የጥያቄው አነጋገር የመልሱን ሚዛን አስቀድሞ እንደሚያዘነብል የተገለጠበት ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ታላቅ ምስክር ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ የምተርከው ያንኑ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሕዝብን በመጠይቅ መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የቆመው በአሜሪካ አገር በ1930ዎቹ ዓመታት፣ ጆርጅ ጋሎፕና ኤልሞ ሮፐር የሕዝብን አስተያየት በየጊዜው እየሰበሰቡ በጋዜጣና በመጽሔት ማውጣት በጀመሩበት ዘመን ነው። የሙያው ሰዎች በመጀመሪያ አብዝተው የተጨነቁት «ማንን እንጠይቅ?» በሚለው ላይ ነበር፤ ጥቂት ሺህ ሰዎች ሚሊዮኖችን ሊወክሉ የሚችሉት በአግባቡ ሲመረጡ ነውና። ብዙ ሳይቆይ ግን «እንዴት እንጠይቅ?» የሚለው ሌላው ጭንቀት ተከተለ። ዶናልድ ረግ የተባለ ተመራማሪ በ1941 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ የሮፐር ድርጅት አንድን ጉዳይ ለሁለት ተመሳሳይ ወገኖች በሁለት አነጋገር አቅርቦ ያገኘውን ውጤት አስነበበ። አንደኛው ወገን «ዴሞክራሲን የሚነቅፍ ንግግር በአደባባይ እንዲደረግ አሜሪካ ልትፈቅድ ይገባታልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመቶው 62ቱ ልትፈቅድ አይገባም አሉ፤ ሁለተኛው ወገን «ልትከለክል ይገባታልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ልትከለክል ይገባል ያሉት ከመቶው 46ቱ ብቻ ሆኑ። አለመፍቀድና መከልከል በፍሬ ነገሩ አንድ መሆናቸውን ሕፃን እንኳ አይስተውም፤ ነገር ግን «መከልከል» የሚለው ቃል የበትር ድምፅ አለውና፣ ብዙ ሰው በትሩን በእጁ ከመጨበጥ ወደ ኋላ አለ።

ስለ ጤና የመጠየቁ ሙያ ደግሞ ከሌላ ምንጭ የፈለቀ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማንና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኦስካር ሞርገንስተርን በ1944 በጋራ ባሳተሙት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ፣ የሰው ፍላጎት በቁጥር ሊለካ የሚችለው ሰውየውን እርግጠኛ በሆነ ነገርና በዕጣ መካከል በማስመረጥ እንደ ሆነ አስረድተው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት የጤና ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ወደ ሕማም ዓለም አሻግረው፣ «በዚህ ደዌ ታሥረህ ቀሪ ዘመንህን ትኖራለህ፤ ወይም ቢሠራ ፈጽሞ የሚፈውስህን፣ ባይሠራ ወዲያው የሚገድልህን መድኃኒት ትወስዳለህ፤ የመፈወሱ ዕድል ከመቶ ስንት ቢሆን ትደፍረዋለህ?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በካናዳ አገር፣ በሃሚልተን ከተማ በሚገኘው በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ቶራንስ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ሌላ መንገድ አቀረበ፤ ይኸውም የዕድልን ስሌት ላልለመደ ሰው ይቀለው ዘንድ ዕጣውን ትቶ ዘመንን በዘመን ማስለወጥ ነው። «ከሕመሙ ጋር አሥር ዓመት ከምትኖር ስንት ዓመት በፍጹም ጤና ብትኖር ይበቃሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ሰባት» ብሎ ቢመልስ፣ የዚያ ሕመም ኑሮ በእርሱ ዘንድ የፍጹም ጤና ሰባት ዐሥረኛ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ብዙ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ዋጋ እየተደመረና እየተባዛ፣ መንግሥታት የትኛውን መድኃኒት ከሕዝብ ገንዘብ ገዝተው የትኛውን እንደሚተዉ ለሚወስኑበት ጉባኤ መሠረት ሆኗል፤ በእንግሊዝ አገር በ1999 የተቋቋመውና መድኃኒቶችን ከዋጋቸው ጋር የሚመዝነው ብሔራዊ ተቋም የሚሠራው በዚህ ዐይነት ስሌት ነው። እንግዲህ በአንድ ሳሎን ተቀምጦ የተመለሰ ጥያቄ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው የማያውቁት ሕሙም መድኃኒት እንዲያገኝ ወይም እንዳያገኝ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል የከበደ ፍርድ የተሸከመው መሣሪያ ግን ቃል ነው። ቶራንስና ሐኪሙ ዴቪድ ሳኬት በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ስለ አንድ ዐይነት ተዘግቶ የመታከም ኑሮ ሲጠይቁ፣ በሽታው በስሙ ሳንባ ነቀርሳ ተብሎ ሲጠራና ስሙ ያልተገለጠ ተላላፊ በሽታ ተብሎ ሲቀርብ ሰዎች የሰጡት ዋጋ አንድ ሆኖ አልቆመም። የሕመሙ ቀንበር ሳይለወጥ፣ ስሙ ብቻ ሚዛኑን አንቀሳቀሰው።

የነገሩን ሥር ቆፍረው ያወጡት ግን ከእስራኤል አገር የተነሡ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን ናቸው። በኢየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው ወዳጅነታቸውንና ሥራቸውን አንድ ያደረጉት እነዚህ ሰዎች፣ በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰው ልብ ትርፍንና ጉዳትን በእኩል ሚዛን እንደማይመዝን፣ መቶ ብር ማጣት መቶ ብር ከማግኘት ይልቅ አብልጦ እንደሚሰማው፣ ደግሞም ትርፍ በታየው ጊዜ እርግጠኛውን እንደሚይዝ፣ ጉዳት በታየው ጊዜ ግን ዕጣ መጣል እንደሚደፍር አስረዱ። በ1981 ደግሞ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋ ሲደጋገም ኖሯል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ወረርሽኝ 600 ሰዎችን ሊገድል ተቃርቧል፤ መከላከያው ሁለት ነው። በአንደኛው 200 ሰዎች ይድናሉ፤ በሁለተኛው ከሦስት አንድ ዕድል 600ዎቹ ሁሉ ይድናሉ፣ ከሦስት ሁለት ዕድል ግን ማንም አይድንም። እንዲህ ተብለው ከተጠየቁት ተማሪዎች ከመቶው 72ቱ እርግጠኛውን መረጡ። ለሌሎቹ ተማሪዎች ያው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ ቀረበ፦ በአንደኛው 400 ሰዎች ይሞታሉ፤ በሁለተኛው ከሦስት አንድ ዕድል ማንም አይሞትም፣ ከሦስት ሁለት ዕድል 600ዎቹ ሁሉ ይሞታሉ። አሁን እርግጠኛውን የመረጡት ከመቶው 22ቱ ብቻ ሆኑ። ከ600 ሰዎች 200 ዳኑ ማለትና 400 ሞቱ ማለት አንድ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሆኖም «ይድናሉ» የሚለው ቃል የያዙትን አጥብቆ ወደ መያዝ፣ «ይሞታሉ» የሚለው ደግሞ ወደ ዕጣ ድፍረት መራቸው።

ተማሪዎች የፈጠራ ወረርሽኝ ቀርቦላቸው ቢሳሳቱ ምን ያስደንቃል የሚል ሰው አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ጥናት ለዚሁ ሰው መልስ ሊሆን የሚችል ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የራጅ ሐኪም የነበረችው ባርባራ ማክኒል፣ ከሐኪሞቹ ከስቲቨን ፓውከርና ከሃሮልድ ሶክስ፣ እንደዚሁም ከትቨርስኪ ጋር ሆና፣ በግንቦት ወር 1982 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያወጣችው ጥናት በሕክምና ታሪክ ውስጥ የሚከበር ስፍራ አለው። የተጠየቁት ሦስት ወገኖች ነበሩ፦ በልዩ ልዩ የቆየ ሕመም የሚመላለሱ 238 ታካሚዎች፣ የንግድ ትምህርት የሚከታተሉ 491 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና 424 ሐኪሞች። ሁሉም የሳንባ ካንሰር እንደ ያዛቸው አስበው፣ ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ሕክምና አንዱን እንዲመርጡ ተለመኑ።

አኃዙ የተወሰደው ከእውነተኛ የሕክምና ልምድ ነበር። በሕይወት ቋንቋ ለቀረበላቸው የተነገራቸው እንዲህ ነው፦ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 90ው ከሕክምናው በሕይወት ይወጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ 68ቱ፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 34ቱ በሕይወት ይገኛሉ፤ የጨረር ሕክምና ከሚወስዱት 100 ሰዎች ሁሉም ከሕክምናው በሕይወት ይወጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ 77ቱ፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 22ቱ በሕይወት ይገኛሉ። በሞት ቋንቋ ለቀረበላቸው ደግሞ ይኸው አኃዝ ተገልብጦ፣ በቀዶ ሕክምናው 10 በሕክምናው ጊዜ፣ 32 እስከ ዓመቱ፣ 66 እስከ አምስተኛው ዓመት መጨረሻ እንደሚሞቱ፤ በጨረሩ ደግሞ በሕክምናው ጊዜ ማንም እንደማይሞት፣ እስከ ዓመቱ 23፣ እስከ አምስተኛው ዓመት 78 እንደሚሞቱ ተነገራቸው። አንዱን ከመቶ ቀንሶ ሌላውን ማግኘት ለሚችል ሰው ሁሉ ሁለቱ ንግግሮች አንድ ናቸው።

ልብ ግን እንደ ሒሳብ አልሄደም። በሁሉም ወገኖች ዘንድ ነገሩ በሕይወት ቋንቋ ሲነገር ቀዶ ሕክምናው ተወዳጅ ሆነ፤ በሞት ቋንቋ ሲነገር ወደ ጨረሩ የሚያዘነብለው በዛ። እጅግ የሚያስገርመው የሐኪሞቹ ነገር ነው፤ የሕይወቱን አኃዝ ካዩት ሐኪሞች ከመቶው 84ቱ ቀዶ ሕክምናን ሲመርጡ፣ የሞቱን አኃዝ ካዩት ግን ግማሾቹ ወደ ጨረሩ ዞሩ። በዚህ ሙያ ያረጁ፣ ሞትንና ሕይወትን በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች፣ ስለ ሕክምና ምንም ከማያውቀው ሕሙምና ስለ ስሌት ከተማረው ተማሪ ይልቅ ከቃል ኃይል የተጠበቁ ሆነው አልተገኙም። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳየ፦ ሁለቱ ሕክምናዎች ስማቸው ሳይጠራ በአኃዝ ብቻ ሲቀርቡ ከነበረው ይልቅ፣ በስማቸው ሲጠሩ ቀዶ ሕክምናው አብልጦ ተመረጠ፤ ስም አስቀድሞ በሰው ልብ ያደረ ተስፋና ፍርሃት ይዞ ይመጣልና።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብለን ብንመረምር፣ ምሥጢሩ በመጀመሪያው አኃዝ ላይ ተሸሽጎ እናገኘዋለን። ከመቶ ሰዎች 90ው ይወጣሉ፣ በሌላው መቶውም ይወጣሉ ሲባል፣ ከ90 ወደ 100 ያለው መንገድ ለዐይን አጭር ነው፤ 10 ይሞታሉ፣ በሌላው ግን ማንም አይሞትም ሲባል፣ ከ10 ወደ ባዶ ያለው መንገድ ሞትን ፈጽሞ የማራቅ ያህል ሰፊ ሆኖ ይታያል። ርቀቱ አንድ ሲሆን መነሻው ተለወጠ፤ መነሻውም ሲለወጥ ያው ርቀት ረዘመ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ከሩቅ አገር መምህር አያሻንም፤ ሞትን የምንናገርበት ቃል ሁሉ በእኩል እንደማይመታ ስለምናውቅ ነው «ዐረፈ»፣ «ተለየ» እያልን የምናለዝበው፤ መርዶንም በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ በአጠገብ ቆሞ የምናረዳው። አባቶቻችን ያንን ያደረጉት ለማታለል ሳይሆን ለመራራት ነው። ነገር ግን በመርዶ ቀን ርኅራኄ የሆነው ልዝበት፣ በምርጫ ቀን ሲገባ ሰውየው የሚወስንበትን እውነት ሊሸፍንበት ይችላል።

ይህ ጉዳይ በሕይወትና በሞት ቃል ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ለንጽጽር የተመረጠው መሠረትም እንዲሁ ያዘነብላል። አንድ መድኃኒት ከ100 ሰዎች 2ቱን ይገድል የነበረውን በሽታ 1 ብቻ እንዲገድል ቢያደርገው፣ «ሞትን በግማሽ ይቀንሳል» ማለትም፣ «ከመቶ ሰዎች አንዱን ያድናል» ማለትም እውነት ነው፤ ሁለቱ እውነቶች ግን በሰሚው ዘንድ እኩል አይከብሩም። በአሜሪካ በ1993 በወጣ ጥናት፣ ጥቅማቸው እኩል የሆነ ሁለት መድኃኒቶች በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች ሲቀርቡላቸው፣ ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንጻር የተነገረለትን መረጡ፤ ፍጹም ቁጥሩ የተነገረለትን የመረጡት ከመቶው 15 ገደማ ብቻ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በጥቅምት ወር 1995 የሆነው ደግሞ ነገሩ ከመጠይቅ ወረቀት ወጥቶ ወደ ሰዎች ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ያሳያል። አዲሶቹ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ደም በሥር ውስጥ የመርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚያሳድጉ ለሐኪሞችና ለሕዝብ ተነገረ፤ እጥፍ የሚለው ቃል የያዘው አኃዝ ግን ከ7,000 ሴቶች ከአንዲት ወደ ሁለት ብቻ ነበር። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን ተዉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ተጨማሪ 13,000 ያህል ፅንስ የማስወረድ ድርጊት እንደ ተፈጸመ ተገምቷል። ሐሰት የተናገረ አንድም አልነበረም፤ ከእውነቱ የተነገረው ግን እኩሌታው ብቻ ነበር።

የዚህ ሙያ ታሪክ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1987 የተመሠረተው ዩሮኮል የተባለ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ማኅበር፣ ጤናን በአምስት ነገሮች፣ ማለት በመንቀሳቀስ፣ ራስን በመንከባከብ፣ በዕለት ተግባር፣ በሕመም ስሜትና በጭንቀት እየከፈለ የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ በኋላም እያንዳንዱ ነገር በአምስት ደረጃ ሲከፈል 3,125 የጤና ሁኔታዎችን መግለጥ የሚችል ሆነ። በኢትዮጵያም ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎች ፊት ለፊት ተጠይቀው፣ ውጤቱ በ2020 የኢትዮጵያውያን የጤና ምርጫ ሚዛን ሆኖ ታትሟል። ተጠያቂው ዘመንን በዘመን እየለወጠ ዋጋ ይሰጣል፤ ከዚያም ሁለት ሁለት የጤና ሁኔታዎች ጎን ለጎን ተደርገውለት ይመርጣል። የባዕድ ሚዛን ከመዋስ በገዛ ሕዝባችን ልብ የተቀረጸ ሚዛን መያዛችን መልካም ሥራ ነው፤ ያመሰግኑታል እንጂ አይነቅፉትም። ሆኖም «ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው» እያለ ያደገ ሰው «ስንት ዓመት ብትተው ትፈቅዳለህ?» ሲባል፣ ወይም አንድ ኑሮ ከሞት ይከፋ እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ቃሉ ምን ዐይነት ፍርሃትና አክብሮት እንደሚቀሰቅስበት ማስተዋል የጠያቂው ግዴታ ነው። «መተው»፣ «መለወጥ»፣ «መስጠት» የሚሉት ግሦች በአማርኛ አንድ አይደሉም፤ ትርጉም የሚያዘጋጅ ሰውም ሳያውቀው ሚዛን እየሠራ ነው።

ለእውነት ስንል የነገሩን ሌላ ወገን መናገር ይገባናል። በ2011 የኮክሬን ማኅበር የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ በመረመረ ጊዜ፣ የአነጋገር ለውጥ ሰዎች በተግባር በሚያደርጉት ላይ ያለው ኃይል እምብዛም እንዳልሆነና ከጥናት ወደ ጥናት እንደሚለያይ ገልጧል። አንዳንዶች ይህን ይዘው ሁሉ በከንቱ ተጋነነ ይላሉ፤ እኔ ግን የምረዳው ሌላ ነው። በእውነት የታመመ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ አይወስንም፤ ቤተ ዘመድ ይጠይቃል፣ ሌላ ሐኪም ያማክራል፣ ጠበል ደርሶ ይመለሳል፣ ሌሊቱን ያወጣል ያወርዳል፣ የመጀመሪያው ቃል የጣለበት ጥላም በዚህ ሁሉ ይገፈፋል። በመጠይቅ ፊት የተቀመጠው ጤነኛ ሰው ግን ከተሰጠው ቃል በቀር የሚይዘው የለም፤ ሕመሙ የታሰበ፣ ጊዜው ጥቂት፣ አማካሪው ጠያቂው ብቻ ነው። እንግዲህ የቃል ኃይል የሚበረታው በዚሁ በመጠይቁ ስፍራ ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ሺህ ሕሙማን ሕግ ሆኖ የሚወጣውም ከዚሁ ስፍራ የተሰበሰበው መልስ ነው። የጠያቂ ኃላፊነት ከሐኪም ኃላፊነት አያንስም የምለው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ከቃል ያመለጠ ጥያቄ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ አኃዝ ራሱ ሰው ጆሮ የሚደርሰው በቃል ተሸፍኖ ነውና። የሚቻለው ሁለቱን ወገን ማሰማት ነው፦ 90 ይወጣሉ ያለ አፍ 10 ይሞታሉ ማለትን እንዳይተው፤ በእጥፍ ያለም ከስንት ወደ ስንት እንደ ሆነ እንዲናገር፤ መጠይቅ የሚያዘጋጅም አንዱን ጥያቄ በሁለት አነጋገር ለሁለት ወገን አቅርቦ፣ መልሱ የቱን ያህል እንደ ተናወጠ ከውጤቱ ጋር እንዲያትም። ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ደቀ መዝሙር ሆኖ የተቀመጠ ሰው፣ መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ ፍች ፈትቶ ሲያበቃ መጽሐፉን እንደማይዘጋው ያውቃል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፣ ደግሞም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ደቀ መዝሙሩም ንባቡ ከአንዱ ፍች እንደሚሰፋ እየተረዳ ያድጋል። በሕሙሙ አልጋ አጠገብ የቆመው ሐኪምም፣ በደጃፍ የቆመው ጠያቂም ይህችን አንዲት ቃል ከትርጓሜ መምህራን ቢማሩ፣ «ከመቶው ዘጠናው ይወጣሉ» ካሉ በኋላ ትንፋሽ ወስደው «አንድም» ቢሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መልስ የተጠያቂው የራሱ ይሆናል።